ጌሚንግ ኮምፒውተር ስትገዙ በትልቁ ያልተጻፈውን ቁጥር ጠይቁ

«ኮር አይ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ፣ 700 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ባለ መብራት ኬዝ።» የጌሚንግ ኮምፒውተር ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከነዚህ ቁጥሮች አንዱም ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ይህን ዝርዝር ብቻ አይቶ ማሽኑ አዲስ ጌም በሰከንድ በ90 ፍሬም (ምስል) ያጫውታል ወይስ በ20 ይንቀራፈፋል ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ባለሙያ የለም። እያንዳንዱ ዕቃ በትልቁ የሚጻፍለት አንድ ቁጥር አለው፤ ከጀርባው ደግሞ ካልተጠየቀ የማይነገር ሌላ ቁጥር አለ። አቅሙን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። የተገጣጠመ የምትገዙም፣ ዕቃ በዕቃ ሰብስባችሁ የምትገጥሙም መመርመር ያለባችሁ አንድ ዓይነት ነገር ነው።

መጀመሪያ ሞኒተሩን ወስኑ። ብዙ ሰው ከፕሮሰሰር ይጀምራል፤ ነገር ግን ግራፊክስ ካርዱን ምን ያህል ሥራ እንደሚጠብቀው የሚወስነው ስክሪኑ ነው። 1080ፒ የሚባለው 1920 በ1080 ነው፤ ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል። 1440ፒ 3.7 ሚሊዮን ገደማ፣ 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ከ1080ፒ ወደ 4ኬ የሄደ ሰው ካርዱን በእያንዳንዱ ፍሬም አራት እጥፍ ፒክስል እያሠራው ነው። ኸርዙ (ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው፦ በ60 ኸርዝ አንድ ፍሬም ለማዘጋጀት 16.7 ሚሊ ሰከንድ አለ፣ በ144 ኸርዝ 6.9 ብቻ። ፒክስል ሲበዛ ሸክሙ የሚወድቀው በካርዱ ላይ ነው፤ ፍሬም ሲበዛ ግን ፕሮሰሰሩም እኩል መሮጥ አለበት። በ4ኬ 60 ፍሬም ለሚበቃው ሰው መካከለኛ ፕሮሰሰር በቂው ነው። በ1080ፒ 240 ፍሬም ለሚፈልግ የተኩስ ጌም ተወዳዳሪ ግን ገንዘቡ ወደ ፕሮሰሰሩ ቢያደላ ትክክል ነው።

አሁን ያላችሁን ማሽን ለማሻሻል የምታስቡ ከሆነ ማነቆው የቱ እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ይለያል። ጌሙ ውስጥ ግቡና ሪዞሉሽኑን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርዱት፤ ሌላ ምንም አትንኩ። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነው። ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው፤ አዲስ ካርድ ብትገዙም ለውጥ አታዩም።

ግራፊክስ ካርድ

እዚህ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የጊጋው ቁጥር ነው። ጊጋ ግን የማስቀመጫው ስፋት እንጂ የፍጥነት ልክ አይደለም። በ2017 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ አለው፤ በ2023 የወጣው ጂፎርስ አርቲኤክስ 4060ም 8 ጊጋ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ገዢ ተሸውዷል። መጀመሪያ የቺፑን ስም ያዙ፤ ጊጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ግን ጊጋው አያስፈልግም ማለት አይደለም። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ትርፉ በማዘርቦርዱ በኩል ወደ ዋናው ራም ይፈሳል፤ ያ መንገድ ደግሞ ከካርዱ የራሱ ሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። ምልክቱ ልዩ ነው፦ አማካይ ፍሬሙ ደህና ሆኖ ሳለ ዘወር ባላችሁ ቁጥር ምስሉ ይያዛል፣ ግድግዳና መሬቱ ደብዝዞ ይቆይና ዘግይቶ ይጠራል። ይህን ካያችሁ የቴክስቸር (የግድግዳና የመሬት ገጽታ ምስል) ጥራቱን አንድ ደረጃ ቀንሱ፤ ሌላውን ሁሉ መቀነስ አያስፈልግም። ዛሬ አዲስ ለሚገዛ ሰው 8 ጊጋ ለ1080ፒ መነሻ ነው፤ ለ1440ፒ 12፣ ለ4ኬ 16 ብትይዙ ትተነፍሳላችሁ።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ካርዶች ደግሞ አሉ። አርቲኤክስ 3050 ባለ 8 ጊጋና ባለ 6 ጊጋ ተብሎ ይሸጣል፤ ልዩነቱ የሁለት ጊጋ ብቻ ይመስላል። በእርግጥ ግን ባለ 8ው 2560 ኮር (የማስሊያ ክፍል)፣ ባለ 6ው 2304 ኮር ነው ያላቸው፤ የሜሞሪ መንገዳቸውም 128 ቢትና 96 ቢት ነው። በሌላ በኩል አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ባለ 8ና ባለ 16 ጊጋ አለው፤ እዚያ ላይ ቺፑ አንድ ዓይነት ነው፣ የተለየው ሜሞሪው ብቻ ነው። ከስሙ የሚታወቅ ነገር ስለሌለ የሞዴሉን ሙሉ ዝርዝር ከአምራቹ ገጽ ላይ ማየት ግዴታ ነው።

ላፕቶፕ ላይ ይህ ነገር ዐይን ያወጣ ይሆናል። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4070 12 ጊጋ ሲኖረው የላፕቶፑ 8 ነው፤ የዴስክቶፑ 4090 24 ጊጋ ሲኖረው የላፕቶፑ 16 ነው፤ ቺፖቹም አንድ አይደሉም። ከዚህ ሌላ የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 አምራቹ በፈቀደለት መጠን ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሠራ ይችላል። ሁለት ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ተለጣፊ ተለጥፎ አንዱ ሌላውን በሩቅ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ላፕቶፕ ስትገዙ የካርዱን ዋት የማይነግራችሁን ሻጭ እለፉት።

ሦስተኛው የተደበቀ ቁጥር የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው መንገድ) መስመር ብዛት ነው። ካርዱ የሚሰካበት ረጅሙ ስሎት 16 መስመር ይይዛል፤ ካርዱ ግን ሁሉንም ላይጠቀም ይችላል። አርቲኤክስ 4060 8 መስመር ብቻ፣ ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ደግሞ 4 ብቻ ነው የሚጠቀመው። በ4ኛው ትውልድ አንድ መስመር ወደ 2 ጊጋባይት በሰከንድ ያሳልፋል፤ በ3ኛው ትውልድ ግማሹን። ስለዚህ 6500 ኤክስቲ ባለ 3ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ የሚያገኘው 4 ጊጋባይት በሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ሜሞሪውም 4 ጊጋ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ የሞላው ደግሞ በዚያች ቀጭን መስመር መውጣት አለበት። ለአሮጌ ማሽን ማደሻ ብለው የሚገዙት ብዙዎች በመሆናቸው ጉዳቱ የሚደርሰው ሊጠቀም ይገባው የነበረው ሰው ላይ ነው።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ማሽን ላይ ተሰክቶ እየሠራ ካላያችሁት አትክፈሉ። አሮጌ ቺፕ ላይ ባዮስ (ዕቃው ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ቀይረው በአዲስ ስም የሚሸጡ ፎርጅድ ካርዶች አሉ፤ ዊንዶውስም የተነገረውን ስም ያምናል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ብዙዎቹን ይለያቸዋል። ከዚያ ከባድ ጌም ወይም የመፈተሻ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት አስኬዱ፤ በስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም ካሬ ከታየ ሜሞሪው ታሟል። ፋኖቹ ሁሉም መዞራቸውን፣ የምስል መውጫዎቹ ሁሉም መሥራታቸውን አንድ በአንድ ሞክሩ። ለክሪፕቶ ገንዘብ ማመንጫ (ማይኒንግ) ሲሠራ የቆየ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ፋኑና ቴርማል ፓዱ (ሙቀት አስተላላፊው ንጣፍ) ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ።

ማስታወቂያው ላይ «በዚህ ጌም 120 ፍሬም» የሚል ካያችሁ ፍሬም ጄኔሬሽን በርቶ ነው ወይ በሉ። በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ካርዱ የሠራው ፍሬም ይገባል፤ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፣ ማውሱ ግን አይፈጥንም፤ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ከ60 እውነተኛ ፍሬም ተነስቶ ወደ 100 ሲወጣ ያምራል፤ ከ30 ተነስቶ 60 የሆነው ግን በእጅ ሲያዝ አሁንም 30 ነው።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

«ኮር አይ7» ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አይ7-2600 በ2011፣ አይ3-12100 በ2022 ነው የወጡት፤ ሁለቱም 4 ኮርና 8 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው፤ በጌም ግን አይ3ው አይ7ቱን በሰፊው ይበልጠዋል። ትውልዱ ያለው ከሰረዙ በኋላ ነው፦ 4770 ሲሆን 4ኛ፣ 12400 ሲሆን 12ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ቫሎራንት የተባለው ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ና ሴኪዩር ቡት (ባዮስ ውስጥ የሚበሩ የደህንነት ቅንብሮች) ካልበሩ አይከፈትም። 4ኛ ትውልድ አይ7 ላይ አዲስ ካርድ ሰክቶ «ጌሚንግ» ብሎ መሸጥ የተለመደ ነውና በዚህ በኩል ተጠንቀቁ።

የኤኤምዲም ስያሜ ወጥመድ አለው። ራይዘን 5 5500ና 5600 ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ ናቸው፤ ተጠጋግተው ይሸጣሉ። 5500 ግን ኤል3 ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) 16 ሜጋ ነው፣ የ5600 ደግሞ 32፤ 5500 የሚደግፈው 3ኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ብቻ ሲሆን 5600 4ኛውን ይደግፋል። ከላይ ያነሳነውን ባለ 4 መስመር ካርድ ከ5500 ጋር ያጣመረ ሰው፣ ማዘርቦርዱ አዲስ ቢሆንም እንኳ፣ ከዚያችው ጠባብ መንገድ አልወጣም።

ካሽ ለጌም ከኮር ብዛት በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ጌም ብዙ ትናንሽ መረጃ ከራም ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መልሱ ካሽ ውስጥ ከተገኘ ፕሮሰሰሩ አይጠብቅም። ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲና 7800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋ ኤል3 ይዘው የመጡት ለዚህ ነው። ከጌም ውጪ ቪዲዮ የማታቀናብሩ ከሆነ 6 ወይም 8 ጥሩ ኮር ይበቃል፤ ለ16 ኮር የምትከፍሉትን ልዩነት ወደ ካርዱ አዙሩት።

ከቁጥሩ ኋላ ያለችው ፊደልም ትቆጥራለች። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ካለ በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ራይዘን 5600ም የለውም። ካርዱ ቢበላሽ ማሽኑን ለመፈተሽ እንኳ ምስል አታገኙም ማለት ነው። የዋቱንም ቁጥር እንዳለ አትመኑ፦ 65 ዋት የተባለው ራይዘን 5 7600 በሙሉ ሸክም እስከ 88 ይስባል፤ 125 ዋት የተጻፈበት አይ9-14900ኬ በኢንቴል በራሱ ዝርዝር እስከ 253 ይወጣል። ያገለገለ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ አይ7 ወይም አይ9 ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየተሰጣቸው ቀስ በቀስ የተጎዱ ነበሩ፤ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የባዮስ ማስተካከያ ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ጌም ሲከፈት «የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም» እያለ የሚዘጋ ከሆነ፣ ካርዱም ደህና ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ።

ማዘርቦርዱ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። ሶኬቱ መግጠሙን፣ የራሙ ትውልድ ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5፣ በፕሮሰሰሩ ሶኬት ዙሪያ ሂትሲንክ (ሙቀት አውጪ ብረት) መኖሩን እዩ። ከኤኤምዲ ሶኬቶች ኤኤም4 ዲዲአር4 ብቻ፣ ኤኤም5 ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ቦርዶች ግን አንዱን ወይም ሌላውን ስለሚይዙ ራም ከመግዛታችሁ በፊት የቦርዱን ሙሉ ስም አጣሩ። አሮጌ ቢ450 ቦርድ ራይዘን 5000 የሚያውቀው ባዮሱ ሲታደስ ነው፤ ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ከኋላው ካለው ከጭንቀት ይገላግላል።

ራም

16 ጊጋ ስንት ፍሬ ነው? አንድ ባለ 16 ወይስ ሁለት ባለ 8? የተገጣጠሙ ማሽኖች ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ማስገባት የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ይህ ግን የራሙን መንገድ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ በፕሮሰሰር በሚታነቁ ጌሞች ላይ ጉዳቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ግራፊክስ የምትጫወቱ ከሆነማ ሁለት ፍሬ ግዴታ ነው፤ ያ ግራፊክስ ከራሙ ሌላ ሜሞሪ የለውም። አራት ስሎት ካለ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩ። ዲዲአር5 ላይ አራቱንም መሙላት ፍጥነቱን ስለሚያወርድ ከመጀመሪያው ሁለት ባለ 16 ውሰዱ።

ፍጥነቱ ብቻ አይበቃም፤ አጠገቡ ያለውን የሲኤል (ራሙ መልስ ለመስጠት የሚዘገይበት) ቁጥር ጨምራችሁ አስሉ። ሲኤሉን በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉ፤ ውጤቱ ናኖ ሰከንድ ነው። 3200 በሲኤል 16 ሲሆን 10 ይመጣል፤ 6000 በሲኤል 30ም 10 ነው፤ 6000 በሲኤል 40 ግን 13.3 ነው። ለራይዘን 7000 የሚመከረው 6000 በሲኤል 30 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚያመጣው ጥቂት ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ካላበራችሁ የገዛችሁትን ፍጥነት አታገኙም። ባለ 3200ው በ2133 ወይም በ2666፣ ባለ 6000ው በ4800 ይሠራል። ሲፒዩ-ዚ ላይ 1600 ብታዩ አትደንግጡ፤ ግማሹን ስለሚያሳይ 3200 ማለት ነው። ዲዲአር5 ያለው አዲስ ማሽን መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ራሙን እየለካ ነውና አታጥፉት።

ፓወር ሰፕላይ

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው፤ ስለዚህ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ። ፊቱ ላይ 700 ዋት ተጽፎ ሠንጠረዡ 36 አምፔር የሚል ከሆነ፣ ለጌም የሚሆናችሁ 432 ዋት ብቻ ነው። ጥሩ 650 ዋት ከ50 አምፔር በላይ ያሳያል። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ እንጂ ስለ ዕቃው ጥራት አይደለም፤ ደረጃው ብሮንዝ ሆኖ ጎበዝ የሆነ አለ፣ ጎልድ ተብሎ የሚያሳፍርም አለ። ከጀርባው 115/230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ካለው፣ 230 ቮልት ባለበት በ115 ላይ ሆኖ የተሰካ ዕለት ይፈነዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ራዲዮን አርኤክስ 7800 ኤክስቲ 263 ዋት፣ ራይዘን 5 7600 88 ዋት፣ ለቀረው ሁሉ 75 ብትይዙ 426 ይሆናል። ከዚህ ላይ 650 ግዙ። ትርፉ ለጌጥ አይደለም፦ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ይዘላሉ። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 መስፈርት ፓወሩ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እጥፍ አቅሙን እንዲችል የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጌም መሀል ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣ ማሽኑ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወሩ ነው።

ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን የኃይል መሰኪያ የሚፈልግ ከሆነ ከፓወሩ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች አምጡ፤ በአንድ ኬብል ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ራሶች ባትጠቀሙ ይመረጣል። የሚነቃቀል ኬብል ያለው ፓወር ስትቀይሩ የድሮውን ኬብል በፍጹም አትጠቀሙ። በካርዱና በቦርዱ በኩል ያለው ሶኬት አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወሩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ነው የሚያደርገው፤ ሲሰካ ይገባል፣ ሲበራ ዲስኩን ወይም ቦርዱን ያቃጥላል። ባለ 16 ፒኑ አዲሱ ሶኬት በ2022 መጨረሻ አርቲኤክስ 4090 ላይ ሲቀልጥ ከተገኙት ምክንያቶች ዋናው እስከ መጨረሻው አለመሰካቱ ነበር። ክፍተት እስከማይታይ ድረስ ግፉት፤ ኬብሉን ከሶኬቱ ሥር ወዲያው አትጠፉት።

የቀረው

ኤስኤስዲ ላይ የማንበቢያው ፍጥነት በሳታ (የድሮው ማገናኛ) 550፣ በ3ኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ማገናኛ) 3500፣ በ4ኛ ትውልድ 7000 ሜጋባይት በሰከንድ አካባቢ ነው። ጌም ሲከፈት ግን በኋለኞቹ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ 3ኛውን ግዙና በትርፉ ሰፋ ያለውን ውሰዱ። ኤም.2 የሚለው ቅርጹን ብቻ ነው፤ ሳታ የሆነ ኤም.2 አለ።

ኬዝ ስትመርጡ ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት ይሁን። የካርዱን ርዝመት፣ የኩለሩን (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን) ቁመት በሚሊ ሜትር ከኬዙ ዝርዝር ጋር አስተያዩ፤ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ካርድ ብዙ ነው። ራይዘን 7000 95 ዲግሪ ቢያሳይ የተሠራው እንደዚያ ነው፤ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ከተጻፈው በታች ከወረደ ነው።

ስትገጥሙ መጀመሪያ ቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጡና ፕሮሰሰር፣ ኩለርና አንድ ፍሬ ራም ብቻ ሰክታችሁ አብሩ፤ ምስሉን ለማየት ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱንም ጨምሩ። ኬዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ችግር መፈለግ ሌላ ሥራ ነው። ከኩለሩ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ሽፋን መላጥ፣ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የፕሮሰሰር 8 ፒን መሰካት የሚረሱት ብዙዎች ናቸው። ይህኛው ሲረሳ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ምስል ግን አይመጣም። ኬዙ ላይ የቦርዱ የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቀረ የነሐስ እግር ካለ ንቀሉት፤ ቦርዱን ከጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

የሞኒተሩን ኬብል ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አትሰኩ። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡና ኸርዙን እዩ፤ ባለ 144ቱ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ሲነሳ በ60 ላይ ነው የሚገኘው። 144 በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የኤችዲኤምአዩን ኬብል ንቀሉና በዲስፕሌይ ፖርት ሞክሩ።